የልጄ አገጭ ለምን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጥርሷን ስትገጥም አገጯ ወደ ግራ ያጋድላል። ስታድግ ይስተካከላል ወይስ አሁን መታከም አለባት?

መልስ፦ ልጅዎ አፏን ስትከፍት አገጯ መሀል ላይ ሆኖ፣ ስትዘጋ ብቻ ወደ ግራ የሚሸሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው መንጋጋ መጥበብ ነው፤ ጥርሶቿ በትክክል ስለማይገጥሙ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ጎን ገፍታ ትነክሳለች። ይህ በራሱ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ አይበጅም፤ ሳይታከም ቢቆይ አጥንቱም ተጣሞ ሊያድግ ስለሚችል፣ የላንቃው ግራና ቀኝ አጥንቶች መሀል ላይ የሚጋጠሙበት ቦታ ሳይጠነክር የላይኛውን መንጋጋ በሚያሰፋ መሣሪያ ማከም ይመረጣል።

አፏን ስትከፍትም አገጯ ከመሀል ከራቀ ግን ችግሩ ከመንጋጋው መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። በሕፃንነቷ አገጯን ተመትታ ታውቅ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ሳይታወቅ የቀረ ስብራት ወይም የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት የአንዱን ወገን እድገት ያዘገያል፤ ብግነቱ ያለ ሕመም ሊቆይ ስለሚችልም «አያማትም» ብለው እንዳይዘናጉ አደራ እላለሁ። ሐኪሙ ጥርሶቿ የሚገጥሙበት መስመር ማዘንበል አለማዘንበሉን ለማየት ስስ እንጨት በጥርሶቿ አስነክሶ ከዓይኖቿ መስመር ጋር ያስተያያል፤ ራጅም ያዛል፤ በየጊዜው የተነሡ ፎቶግራፎችን ማወዳደርም የሁለቱ ወገኖች ልዩነት እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ እድገት እስኪያበቃ ይቆያል፤ መገጣጠሚያው ተጣብቆ አፍ አልከፈት ካለ ግን አይጠበቅም።