የሚጥል በሽታ ያለበት ፈሪ ውሻ ኪኒን አልወስድም ሲል

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ የኔዋን ውሻ ቡኒን ያየሁ ነው የመሰለኝ። ከመንገድ ያነሳሽው ውሻ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ጠዋትና ማታ ፌኖባርቢታል ታዞለታል፣ ኪኒኑን ሲያይ ግን አልጋ ስር ገብቶ ያጉረመርማል፣ ባልሽ አንገቱን ይዞለት አንቺ አፉን እየፈለቀቅሽ ነው ምትሰጪው፣ አሁን ደሞ ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ እያልሽ ነው። እንደ አቅሜ በቁጥር ልመልስልሽ።

1. በግድ መስጠቱ ይቁም፣ ኪኒኑ ግን በፍፁም እንዳይቋረጥ። ሁለቱን ለዪልኝ። ፌኖባርቢታል በየ12 ሰዓቱ ሚሰጥ ነው፣ ድንገት ሲቋረጥ ራሱ መቋረጡ ይጥለዋል፣ ስለዚ "እስኪረጋጋ ልተውለት" ሚባል ነገር የለም። ሚቀየረው አሰጣጡ ነው። እኔ የማረገው እንዲህ ነው፦ የተቀቀለ ዶሮ ወይም ሌላ ሚወደውን ለስላሳ ነገር ትናንሽ ድብልብል አርጊ፣ የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ኪኒን ያለበት፣ ሶስተኛው ባዶ፣ ሁለተኛውን ሳያኝክ ሶስተኛው አፍንጫው ስር መድረስ አለበት፣ ያኔ ለሚቀጥለው ሲቸኩል ይውጠዋል። ከኪኒኑ ሰዓት ውጪ ደሞ ባዶ ባዶውን እየሰጠሽ አለማምጂው፣ አለበለዚያ ድብልብሉን ባየ ቁጥር ኪኒን መጣ ብሎ ይሸሻል። ዋናው ምግቡ ውስጥ አትደብቂው፣ ግማሹን ትቶ ከሄደ ምን ያህል እንደወሰደ አታውቂም፣ ካወቀብሽ ደሞ ሳህኑንም መጠራጠር ይጀምራል። የኦቾሎኒ ቅቤ ምትጠቀሚ ከሆነ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ አንብቢ፣ ለውሻ መርዝ ነው፣ የደም ስኳሩን አውርዶ ራሱ ይጥለዋል። ይሄ ሁሉ ካልሰራ በፈሳሽ መልክ ይቀየርለት እንደሆነ ሀኪሙን ጠይቂ።

2. ደም ምርመራ ስትሄዱ ማንም እንዳይጫነው። ይሄ መድሀኒት ጉበት ላይ ጫና ስላለው ጉበቱም በደሙ ውስጥ ያለው የመድሀኒት መጠንም በየጊዜው ይታያል፣ ብዙ ጊዜ በየ6 ወሩ፣ ስለዚ ክሊኒክ መመላለስ አይቀርልሽም። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ቡኒ ክሊኒኩ ስንገባ ወንበር ስር ገብታ ተንቀጠቀጠች፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ራሷ ትወጣለች ብዬ እየለመንኩ አንዱ ሰራተኛ "ወረፋ አለ" ብሎ ገመዷን ጎትቶ አወጣት፣ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው አጋድመው ተጫኗት፣ አይኗ ነጩ ብቻ እስኪታይ ተገለበጠ፣ ሽንቷም አመለጣት። ደሙ ተወሰደ እሺ። ቤት ስንገባ ግን ከእጄ ትበላ የነበረችው ውሻ እጄ ወደ ፊቷ ሲጠጋ ግድግዳው ላይ ትለጠፍ ጀመር፣ ኪኒን አልወስድም አለች፣ መጠኑ ተዛባ፣ እና አንድ ሌሊት ደጋግሞ ጣላት፣ ገና ከአንዱ ሳትነቃ ሌላው እየመጣ። ሄጄ ቅሬታዬን ስነግራቸው "የመንገድ ውሻ እንዲህ ነው" ነው ያሉኝ። እስካሁን ያናድደኛል። የመንገድ ውሻ ስለሆነች አይደለም፣ በግድ ስለተጎተተችና ስለተጫኗት ነው!

ከዛ በኋላ የተላመደችበትን ነገር በደንብ ልንገርሽ፣ ላንተም ላንቺም ለሁሉም ይጠቅማል። ወለሉ ላይ ጎኔን ሰጥቼያት እቀመጣለሁ፣ አላያትም፣ አልጠራትም፣ ቁራጭ ዶሮ ራቅ አርጌ እጥላለሁ። መጀመሪያ ስትመጣ የኋላ እግሮቿ ለመሸሽ እንደተዘጋጁ እዛው ተተክለው አንገቷን ብቻ ጎማ እስኪመስል ትስባለች፣ አንስታ ትሮጣለች። የኋላ እግሮቿ አብረው መምጣት የጀመሩ ቀን ነው እኔ የተሻላት መሆኑን ያወኩት። አንቺም አፉን ሳይሆን እግሩን እዪ። እንቅልፍ ሳይኖረው ሚያዛጋ፣ ሳይበላ ከንፈሩን ሚልስ ከሆነ ፈርቷል ማለት ነው፣ ተነሺና ራቂለት። ሲያጉረመርም ደሞ እንዳትቆጪው፣ እያስጠነቀቀሽ ነው፣ ማስጠንቀቁን ከከለከልሽው ቀጥታ ይነክስሻል። አልጋ ስር መግባቱንም ተይለት፣ መውጫው አይዘጋበት፣ ማንም እጁን አስገብቶ አይሳበው፣ ህፃናት ካሉ በተለይ።

አሁን የኛ ሀኪም ሌላ ናት፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነው ደም ምትወስድላት፣ ከቤት ሳንወጣ በፊት ሚሰጥ ፍርሃት ማቅለያም አዛልናለች። ይሄን ጠይቂ፣ ግን በራስሽ እንዳትጀምሪ፣ ፌኖባርቢታልም ስለሚያደነዝዝ መጠኑን ሀኪም ነው ሚያስተካክለው። የሰው ማስታገሻ እነ አይቡፕሮፌንን ደሞ እንዳታስቢው።

3. ሲጥለው። ምላሱን ይውጣል ብለሽ እጅሽን አፉ ውስጥ እንዳትከቺ፣ አይውጥም፣ አንቺን ግን ሳያውቅ ይነክስሻል። ሚጋጭበትን እቃ አርቂ፣ መብራት ቀንሺ፣ ሰዓት ያዢ፣ ባልሽ በስልኩ ይቅረፅ ምክንያቱም ሀኪም ጋ ስትደርሱ አልፎለት ጤነኛ መስሎ ነው ሚቆመው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከደገመው ቀጥታ ሀኪም ጋ። ሲነቃ ለጊዜው ላያይ ይችላል፣ አንቺንም ላያውቅሽ ይችላል፣ ፈሪ ውሻ ደሞ በዛች ሰዓት ሚያቅፈውን ሁሉ ጠላት ነው ሚመስለው፣ ስለዚ ከራቅ ብለሽ በለሆሳስ አናግሪው እንጂ አትቀፊው።

ሌላ፣ ኪኒኑን እንደጀመረ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ውሀ በላይ በላዩ ይጠጣል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል፣ ያገኘውን ካልበላሁ ይላል። መድሀኒቱ ነው። በሱ ምክንያት እንዳይመታ ለባልሽ ንገሪው። በደሙ ውስጥ እስኪረጋ 2 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ መንገዳገዱም ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይመጣል።

ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ ላልሽው፣ እኔ አትስጪው ባይ ነኝ። አዲሱ ሰውዬም ያው አፉን ሊፈለቅቅ ነው፣ ያውም ውሻው ማያውቀው ሰው፣ ያውም አንድ ሁለት ቀን ኪኒኑን ቢረሳ ምን እንደሚመጣ ያላየ ሰው። ቡኒ ዛሬ አላርሙ ሲጮህ ቀድማኝ ነው ኩሽና ምትደርሰው፣ እኔ ያንን ያገኘሁት ከሰፈሩ ሁሉ "ባትደክሚ ይሻልሻል" እየተባልኩ ነው። ዛሬ ማታ ከኪኒኑ ሰዓት ቀደም ብለሽ ባዶ ባዶውን ድብልብል ጀምሪለትና ከእጅሽ ነው ከመሬት የወሰደው እዚሁ ፃፊልኝ፣ እሱን አይቼ ቀጣዩን እነግርሻለሁ።