ጠይቁን፦ የወረቀቱ ዕድሜና የመድረኩ ዕድሜ

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ፒያሳ ላይ በተደረገ ኦዲሽን ለተከታታይ ድራማ ተመርጣለች። ሰዎቹ «ቁመናዋ ትልቅ ስለሆነ 18 ብለን እንጻፍ፤ ራሷ ትፈርም» ይላሉ። እምቢ ብል ዕድሉ ያመልጣታል ብዬ ፈራሁ። (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህታችን፣ እባክዎ በዚህ አይስማሙ። ልጅዎ የ18 ዓመት ወጣት ሆና መተወን ትችላለች፤ ወረቀቷ ላይ ግን 16 ይባል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። 18 ተብሎ ከተጻፈ ይህን ከለላ ማስከበር ያስቸግራል። ቀረጻ ደግሞ በታሰበው ሰዓት አያልቅም፤ መብራት ይጠፋል፣ ዝናብ ይጥላል፣ አንዱ ትዕይንት አሥር ጊዜ ይደገማል።

ለፕሮዲዩሰሩ ይህን ይንገሩት፦ አካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ብቻዋን የፈረመችው ውል በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ድራማው ከተቀረጸ በኋላ ቢፈርስ ኪሳራው የእሱ ነው።

ውሉን እርስዎና አባቷ በሞግዚትነት ፈርሙ። የሥራ ውል ሳይሆን «የአገልግሎት ውል» ነው ብለው ቢያመጡት እንኳ የሰዓት ገደቦቹን አስጽፉ። 7 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሜክአፕ ወንበር ላይ ከተቀመጠችበት ደቂቃ ጀምሮ ይሁን፤ መጠበቁም ሥራ ነው። ማን አብሯት እንደሚውል፣ በምን መኪና ቤቷ እንደምትገባ፣ የፈተና ቀኖቿ፣ ፎቶዋ ከድራማው ውጪ ለማስታወቂያ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍ።

የልደት ቀኗን በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍሩ። ለምሳሌ ጥር 10 ቀን 2002 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2010 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሞላ ፎርም ላይ 2002 ብሎ የጻፈ ሰው ልጅቷን በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ያስረጃታል።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። በሚመጣው ቴአትር የ70 ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ልምምድ ላይ ድምፄን ሳንቀጠቅጥ ጓደኞቼ ይስቃሉ። ደግሞም ከዚህ በኋላ የሽማግሌ ሚና ብቻ እየተሰጠኝ ሽማግሌ ሆኜ እንዳልቀር እሰጋለሁ። (ከአራዳ)

መልስ፦ የሚስቁት ድምፅህ ሸምግሎ እግርህ ጎረምሳ ስለሆነ ነው። ብዙ ወጣት ተዋናይ ወገቡን ያጎብጣል፤ ከመድረክ ሲወጣ ግን በራሱ እርምጃ ይፈተለካል። መንቀጥቀጡን ተወው። ቅዳሴ ሲያልቅ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቁምና አባቶች ከተቀመጡበት ሲነሱ ተመልከት። እግራቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጭናሉ፣ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ ከተነሱ በኋላም ከመራመዳቸው በፊት ትንሽ ቆም ይላሉ። ያቺን ቆም ማለት ያዛት። ከዘራው ከሚያነክሰው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዝ።

ሜክአፑን በተመለከተ፣ ሽብሽቡን በጥቁር አትሥራ። ከቆዳህ ጥቂት የጠቆረ ቡናማ ይበቃል፤ ጠርዙን በጣትህ አደብዝዘው። ጸጉር ላይ ፓውደር ከበዛ ትከሻህ ላይ ይረግፋል። አንገትህንና የእጅህን ጀርባ አትርሳ፤ ፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሽማግሌ ሆኖ ስለ መቅረት፦ ለኦዲሽን የምትሰጠው የመጀመሪያ ፎቶ ያለ ሜክአፕ የተነሳኸው፣ ከ6 ወር ያላለፈው ይሁን። ሥሩ «ከ22 እስከ 32 ዓመት ያለ ሰው ሆኜ እጫወታለሁ» ብለህ ጻፍ። የሽማግሌው ፎቶ ሲጠይቁህ ብቻ ይውጣ።