ለቮልስዋገን ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ስለመግጠምና ፊልትሮውን ከሞተሩ ሥር ስለማንሳት

ጠያቂያችን በፈረንጆች 1972 የተሠራ ባለ 1600 ሞተር ቮልስዋገን አላቸው። የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን በየወሩ ለሥራ ወደ መተሐራ ይወርዳሉ። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ90 እና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነድተው ክፍያ ጣቢያው ላይ ሲቆሙ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የቀድሞው ባለቤት በዘይት ፓምፑ ክዳን ላይ ያስገጠሙት ፊልትሮ ከሞተሩ ኋላ ተንጠልጥሎ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በተሻገሩ ቁጥር መሬት ይነካል። ዘመዳቸው ከውጭ ያመጡላቸው የዘይት ማቀዝቀዣ፣ የፊልትሮ መቀመጫና የጎማ ቱቦ በእጃቸው ስላለ፣ ማቀዝቀዣው የት እንደሚቀመጥ፣ ከፊልትሮው በፊት ይሁን በኋላ፣ የፋብሪካው ማቀዝቀዣስ መነሳት እንዳለበት ይጠይቃሉ።

ፊልትሮውን ከዚያ ቦታ ማንሳት ግድ ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ ፊልትሮ የሌለውና በሆዱ ውስጥ የሽቦ ማጥለያ ብቻ ያለው ስለሆነ፣ ፊልትሮ መጨመሩ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ በመሆኑ፣ ፊልትሮውን ድንጋይ ቢመታው እርስዎ መብራቱን አይተው ዳር እስኪይዙ ድረስ ዘይቱ ሊያልቅ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ግን ዛሬውኑ ይግጠሙት አልልዎትም። መብራቱ የሚነግርዎ ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ ሙቀቱ አይደለም፤ ግፊቱ የወረደው በፓምፕ ወይም በብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) መበላት ከሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣና ረጅም ቱቦ መጨመር ዘይቱ የሚያልፍበትን መንገድ አጥብቦ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የመብራቱን መቆጣጠሪያ ፈትተው በቦታው የግፊት መለኪያ ያስገቡ። መቆጣጠሪያው መብራቱን የሚያበራው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው መካከል ሲደርስ ነው፤ በሌላ አነጋገር መብራቱ እስኪበራ ድረስ ግፊቱ ብዙ ወርዷል። ዘይቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅና ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ሲሽከረከር ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ በታች ከሆነ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ያንኑ ፊልትሮ የተሸከመውን ክዳን ነው። እንዲህ ያሉ ክዳኖች አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የፓምፑ ጥርሶች እየፈተጓቸው በውስጥ ገጻቸው ላይ ክብ ጉድጓድ ያወጣሉ፤ ዘይቱም ሲሞቅና ሲቀጥን በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል። ክዳኑን አንሥተው ቀጥ ያለ ብረት በፓምፑ አፍ ላይ ያጋድሙና በጥርሶቹና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ክዳኑ ላይ ያለው ጭረት ቀላል ከሆነ በመስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያሹ ማስተካከል ይቻላል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ግን ፓምፑንና ክዳኑን አብረው ይቀይሩ፤ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቻቸው የሚገጣጠሙት እንደ ጥንድ ስለሆነ አንዱን ከሌላ ሥሪት ጋር ማዳቀል አይገባም።

ግፊቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ቀጥሎ ሙቀቱ ይለካ። የዘይት ማያውን ብረት በእጅ ጨብጦ መፍረድ የተለመደ ቢሆንም አያስተማምንም፤ በዘይት ማፍሰሻው ብሎን ቦታ ወይም በማያው በኩል የሚገባ የሙቀት መለኪያ ይጠቀሙ። ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ያለው የተለመደ ሙቀት ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ 120ን እያለፈ የሚቆይ ከሆነ ግን መፍትሔ ያስፈልገዋል። ያም ቢሆን ከማቀዝቀዣው በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የሞተሩ ዙሪያ ቆርቆሮዎች ሁሉ በቦታቸው መሆናቸውንና በቆርቆሮውና በመኪናው አካል መካከል ያለው የጎማ ማሸጊያ አለመጉደሉን ያረጋግጡ፤ ይህ ጎማ ከሌለ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲገፋ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይርገብ፣ የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ በርዶ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን። በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ወይም የአይጥ ጎጆ መገኘቱም እንግዳ ነገር አይደለም።

በተለይ የእርስዎን መንገድ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ የካርቡራቶሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ወደ አነስተኛ ቁጥር ያስቀይራል። ያ መኪና ቆላ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ይወፍራል፤ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሲሊንደሩም ከወትሮው ይበልጥ ይግላል። የእርስዎ ጂግለር ተቀይሮ ከሆነ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመልሱት። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይበላብዎታል፤ ቆላ ላይ ግን ቫልቭ ከማስቀየር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ዘይቱ አሁንም ከ120 ዲግሪ ካለፈ ማቀዝቀዣው ይገባዋል። የፋብሪካውን ማቀዝቀዣ አያንሱት። እስከ 1970 ድረስ በተሠሩት ሞተሮች ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ቆሞ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ያግድ ነበር፤ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ቶሎ የሚቃጠለውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1971 ወዲህ ግን በባለ 1600ው ሞተር ላይ ማቀዝቀዣው ወደ ፊት ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠርቶለታል፤ ትኩሱን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ የቆርቆሮ መተላለፊያም አለው። የእርስዎ መኪና የ1972 ቢሆንም ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ፤ አዲሱ ዓይነት ሆኖ መተላለፊያው ከጎደለ እሱን ብቻ መመለስ የማቀዝቀዣ ያህል ሊጠቅም ይችላል።

አሁን ወደ ገጠማው ልምጣ። በፓምፑ ክዳን ላይ ፊልትሮው በነበረበት ቦታ ሁለት የቱቦ አፍ ያለው መቀበያ ይጠመዘዛል፤ ፊልትሮውም ወደ አዲሱ መቀመጫ ይሄዳል። የሞተሩን አካል በስቶ ለመመለሻ ቱቦ ጥርስ ማውጣት የሚያስፈልገው ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱ ሞተሩ ተፈትቶ ለሁለት ሲከፈል ካልሆነ በቀር አይሞከር፤ ምክንያቱም የቁፋሮው ብናኝ የሚገባው በቀጥታ ወደ ብሮንዚኖቹ በሚወስደው የዘይት መንገድ ነው። ከመጠምዘዝዎ በፊት ጥርሱን ያረጋግጡ። ብዙዎቹ ክዳኖች ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ናቸው፤ የ20 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ፊልትሮ ወይም መቀበያ በዚያ ላይ ላላ ብሎ ይገባል፤ የያዘም ይመስላል፤ ጠዋት በቀዝቃዛ ዘይት ግፊቱ ሲያይል ግን ነቅሎ ይወጣል።

የዘይቱ አቅጣጫ መሳት የለበትም። ፊልትሮ ዘይት የሚቀበለው ዙሪያውን ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲሆን የሚመልሰው በመሐሉ ነው። ስለዚህ ከመቀበያው የዙሪያ አፍ የወጣው ቱቦ ወደ አዲሱ መቀመጫ የዙሪያ አፍ፣ ከመቀመጫው መሐል የወጣው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው የወጣው ደግሞ ወደ መቀበያው መሐል ይሄዳል። ምልክቱ ካልታየ በአንዱ አፍ እየነፉ አየሩ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ ይዩ። ሁለቱ ቢገላበጡ በፊልትሮው ውስጥ ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የጎማ ክዳን መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሞተሩም ያለ ዘይት ይሠራል። ፊልትሮውን ያስቀደምኩት የብረት ብናኝ አንዴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ አጥቦ ማውጣት ስለማይቻል ነው፤ በዚሁ ምክንያት ከተበላሸ ሞተር ላይ የተነሳ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሶማሌ ተራ በርካሽ ቢያገኙ እንኳ አይግዙ።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በቱቦው ነው። ቱቦው በውስጡ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለውና ለሞቃት የሞተር ዘይት የተሠራ ይሁን፤ የራዲያተር ወይም የቤንዚን ጎማ ዘይቱ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያም ይፈነዳል። ከዕቃው ጋር የመጣልዎት ቱቦ ለምን ያህል ሙቀትና ግፊት እንደተሠራ በላዩ ላይ ካልተጻፈ አይጠቀሙበት። በብሎን የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያም ለዚህ ሥራ አይመከርም። የከባድ ማሽን የሃይድሮሊክ ቱቦ ጫፍ በማሽን ጨምቀው የሚገጥሙ ሱቆች በልክዎ ሊሠሩልዎት ይችላሉ፤ ሆኖም ተራው የሃይድሮሊክ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት እስከ 100 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚችለውን ለይተው ይጠይቁ። የፋብሪካው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ የሚገኘው ዘይቱ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ከገባ በኋላ በመሆኑ፣ የእርስዎ ቱቦና ፊልትሮ ከሞተሩ የበለጠ ግፊት ይሸከማሉ፤ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሳለ ሞተሩን ማስጮህ ፊልትሮ የሚያፈነዳውም ለዚህ ነው። እየጠበበ የሚሄድ ጥርስ ያለውን መያዣ ቀጥ ያለ ጥርስ ባለው አፍ ውስጥ በጉልበት አያስገቡ፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። በጥርሱ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን አይጠምጥሙ፤ ብጣሹ ተገንጥሎ የዘይት መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ፈሳሽ ማሸጊያ ይቀቡ። ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ስለሚወዛወዝ ቱቦዎቹ ጥቂት ይርገቡ፣ ከማርሚታው ይራቁ፤ ቆርቆሮ የሚያልፉበት ቀዳዳም በጎማ ቀለበት ይታሸግ።

ማቀዝቀዣው ከካምቢዮው በላይ፣ ከመኪናው ወለል በታች ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ሲሊንደሮቹን የሚያቀዘቅዘውን አየር አስቀድሞ ማሞቅ ነው፤ በፓራፋንጎው ሥር ከሆነ ደግሞ ጎማው ጭቃና ድንጋይ ይረጭበታል። ከካምቢዮው በላይ የሚያገኘው ነፋስ ግን ጥቂት ስለሆነ በሙቀት የሚበራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያስፈልገዋል፤ የእርስዎ መኪና ዲናሞ የሚሰጠው 30 አምፔር ያህል በመሆኑ ትንሿን ማራገቢያ ይምረጡ። የቱቦ አፎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይዙሩ፤ ወደ ታች ከዞሩ አየር ይታጎራል። ፊልትሮውን በቀኝ ወይም በግራ ከኋላ መከላከያው መያዣ አጠገብ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገው ይሰሩት። ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ብቻ ወደ ማቀዝቀዣው የሚለቅ ቴርሞስታትም ይጨምሩ። የአዲስ አበባ ጠዋት ለዘይት ብርድ ነው፤ በከተማ አጭር መንገድ ሳይሞቅ የሚቀር ዘይት ውሃና ቤንዚን ስለሚያጠራቅም ከልክ በላይ ማቀዝቀዝም ይጎዳል።

ሲጨርሱ ፊልትሮውን በዘይት ሞልተው ይጠምዝዙት፤ የኮይሉን ወፍራም ሽቦ ነቅለው ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙና መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በማስነሻው በአጭር በአጭሩ ያዙሩ። ከዚያ አስነሥተው በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ አጥፍተውም ዘይቱን ይለኩ። ቱቦው፣ ፊልትሮውና ማቀዝቀዣው የሚወስዱትን ጨምሮ 3 ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጠጣል፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈትም ደረጃው ዳግም ስለሚወርድ አንዴ አሙቀው ሁለተኛ መለካት አለብዎት። ወደ መተሐራ ከመውረድዎ በፊት 50 ኪሎ ሜትር ያህል በከተማው ዙሪያ ነድተው ሁሉንም መያዣዎች እንደገና ይፈትሹ። ፊልትሮ አለኝ ብለው የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ ከ5,000 ኪሎ ሜትር አያሳልፉ፤ ከሥር ያለውን የሽቦ ማጥለያም በየጊዜው ማጠቡ አይቀርም። የማጥለያውን ስድስት ዳዶዎች ሲመልሱ ግን በትንሽ ቁልፍ ቀስ ብለው ያጥብቁ፤ የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ስለሆነ ከ7 ኒውተን ሜትር ያለፈ ጉልበት ብሎኑን ከነጥርሱ ያወጣዋል።