ዕፅዋት የሚበቅሉበት ሳምፕ ስላለው የዓሣ ገንዳ፦ ጥያቄና መልስ

በጎጃም ዓሣና የውኃ ዕፅዋት በቤታቸው የሚያሳድጉ አባላት ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በዚህ ሥራ የቆዩ አንድ አባላችን የሰጡት መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል። ሳምፕ የምንለው ከዋናው ገንዳ በታች የሚቀመጠውን ሁለተኛ ገንዳ ሲሆን፣ ውኃው በመውረጃ ቱቦ ወርዶ ከተጣራ በኋላ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ አሠርቻለሁ። ሳምፑ ስንት ሊትር ቢሆን ይበቃዋል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ልኬቱን ሙሉ አድርገው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የሳምፕ መጠን በቅድሚያ የሚታሰበው መብራት ሲጠፋ ወደ ታች ከሚወርደው ውኃ ተነሥቶ ነው። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቱቦ አፍ በውኃ ውስጥ ከተጠለቀ፣ ያው ቱቦ ውኃውን ወደኋላ መሳብ ይጀምራል፤ የሚያቆመውም አፉ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። በእርስዎ ገንዳ ላይ እያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 4 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አፉ 5 ሴንቲሜትር ከጠለቀ 20 ሊትር፣ ከዚያም በላይ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳምፑ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። 60 በ35 በ40 የሆነ ሳምፕ ሲሞላ 84 ሊትር ስለሚይዝ፣ ሥራ ላይ እያለ ከ55 ሊትር በላይ እንዳይሞሉት። አንዳንዶች በቱቦው ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ በመብሳት ብቻ ይተማመናሉ፤ ቀዳዳውን ግን አልጌ ይደፍነዋል። ውኃን ወደኋላ የማይመልስ ቫልቭም ቢሆን እንዳይዘጋ ለማድረግ አንዲት ቀንድ አውጣ ትበቃዋለች። ከሁሉም የሚሻለው የቱቦውን አፍ ከውኃው ወለል በታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ማድረግ ነው።

ተቃራኒውንም ያስቡ። መውረጃው በቅጠል ቢደፈን ፓምፑ በክፍሉ ያለውን ውኃ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። የፓምፑ ክፍል 10 ሊትር ብቻ ከያዘ የላይኛው ገንዳ ከፍ የሚለው በ2.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህንን ያህል ባዶ ቦታ ከላይ ይተዉለት። ሁሉን ካዘጋጁ በኋላ ሶኬቱን ነቅለው ውኃው እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከዚያም መልሰው ሰክተው ይመልከቱ። ይህን ሳይፈትኑ ዓሣ እንዳያስገቡ፣ ከቤትም እንዳይወጡ።

ከባሕር ዳር፦ በሳምፑ ውስጥ የትኞቹን ዕፅዋት ብንተክል ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ምርጫው ሥራቸው በውኃ፣ ቅጠላቸው በአየር የሚኖር ዕፅዋት ነው። ሙሉ በሙሉ በውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል እድገቱን የሚገድበው በውኃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማነስ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከውኃ በላይ የወጣው ግን ከአየሩ እንደልቡ ስለሚወስድ በፍጥነት ያድጋል፤ ባደገ መጠንም አሞኒያንና ናይትሬትን በሥሩ መጥጦ ይወስዳል። በጣና ዳርቻ ደንገልና ፊላ ከማሳ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያጣሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ዳርቻው ሲታረስ ሐይቁ የሚያጣው ይህንኑ ማጣሪያ ነው። ደንገል ግን ከ4 ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ለሳሎን አይሆንም። ቄጤማና ፖቶስ (በየሳሎኑ የሚተከለው ሐረግ) በቂ ናቸው።

ሳምፑን በሦስት ይክፈሉት፦ በመጀመሪያው ስፖንጅ፣ በመካከለኛው ሥሮቹ፣ በመጨረሻው ፓምፑ ይሁን። ሥሩ እየበዛ ሲሄድ የውኃውን መንገድ ስለሚዘጋ በየጊዜው ይከርከም። በሳምፑ ሙሉ በሙሉ በውኃ ውስጥ የሚኖር ተክልም ካለ፣ የሳምፑ መብራት የላይኛው ሲጠፋ ማታ ይብራ። ዕፅዋት በጨለማ ኦክስጅን ስለሚጠቀሙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጡ፣ ተራ በተራ ሲበራ የውኃው አሲዳማነት በቀንና በሌሊት መካከል ብዙ አይዋዥቅም። ይህ በእኛ ዘንድ ከቆላው ይልቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የሚይዘው 6.6 ያህል ብቻ ነው።

ከሐይቁ ዳር ተክል የምታመጡ ደግሞ በባዶ እጅና እግር ውኃው ውስጥ አትግቡ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በአካባቢው አለ። ተክሉን አጥባችሁ፣ ለብቻው በባልዲ አቆይታችሁ፣ ቀንድ አውጣ እንደሌለበት ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ አስገቡት።

ሌላ አባል፣ ከባሕር ዳር፦ ከእምቦጭ የበለጠ ናይትሬት የሚመጥ ምን አለ? ሐይቁ ላይ ሞልቷል፤ ሁለት ሥር ባመጣ ማንን ይጎዳል?

አባል፣ ከዘጌ፦ ወንድሜ፣ ዓሣ አጥማጆቻችን ታንኳ መቅዘፊያ መንገድ አጥተው እያየህ ይህን ትላለህ?

ሌላ አባል፣ ከባሕር ዳር፦ እኔ ያልኩት በቤት ውስጥ ነው። ሲበዛም ብስባሽ ይሆናል።

አባል፣ ከዳንግላ፦ ዘሩ ካልሞተ ብስባሹ ማሳ ላይ ሲበተን ወደ ወንዙ መሄዱ አይቀርም። ደግሞ የብስባሹ ሙቀት በቤት ጉድጓድ ያን ያህል አይደርስም።

መልስ፦ የብስባሹን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩልን። እምቦጭ በጣና የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፖቶስም መጥጦ ይወስዳል፣ ከመስኮት ወጥቶም ሐይቅ አይወርስም። እምቦጭ ወደ ቤት አይገባም። ከገንዳ የወጣ ዓሣም ሆነ ቅጠል፣ የታጠበ ስፖንጅ ውኃም ቢሆን ወደ ጣና፣ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ቦይ አይጣል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነዋል። ጥቂት ዩሪያ ብጨምርስ?

መልስ፦ በፍጹም። ዩሪያ በውኃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ማዳበሪያ የተበተነበት የማሳ አፈርም ለገንዳው ወለል አይሁን።

ከእንጅባራ፦ በእርሾና በስኳር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማዘጋጀት ይጠቅማል?

መልስ፦ ሳምፕ ላለው አይጠቅምም። ውኃው በመውረጃው ሲንቧቧ ጋዙ ወደ አየር ይሄዳል።

ከደጀን፦ ከዓባይ በረሃ ያማሩ ድንጋዮች አምጥቻለሁ። ልጠቀምባቸው?

መልስ፦ በበረሃው የኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ አስቀድመው ጠብታ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያድርጉበት። አረፋ አውጥቶ ከፈላ ኖራው ውኃውን ጠጣር ያደርገዋልና ይተዉት። ካልፈላ አጥበው ይጠቀሙበት።

ከሞጣ፦ ሳምፕ ስንት ሊትር መሆን አለበት?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ከቡሬ፦ ዓሣዎቼ ይሞታሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ገንዳው መቼ ተሞላ? የቧንቧ ውኃ ነው ወይስ የጉድጓድ? ስንት ዓሣ በአንድ ጊዜ ገባ? ይህን ሳይነግሩኝ ምን ብዬ ልመልስ? በጥንቃቄ ለሚጠይቁት ለሌሎቹ ስል ግን እላለሁ፦ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገንዳውን በዓሣ የሚሞላ ሰው ዓሣውን በራሱ ቆሻሻ ይመርዘዋል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃም ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ሳያድር አይጨመር።

ከደብረ ማርቆስ (በድጋሚ)፦ በእኛ ብርድ ማሞቂያውን የት ላስቀምጥ? ደግሞ መብራት ለግማሽ ቀን ቢጠፋ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ማሞቂያውን በሥሮቹ ክፍል ያድርጉት። ውኃ ሲተን የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ስለሆነ፣ እዚያ ካስቀመጡት አንድ ቀን ደርቆ ይፈነዳል። መብራት ሲጠፋ ዓሣ አይመግቡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካለዎት ወደ ላይኛው ገንዳ ያስገቡት፤ ላይኛውን ገንዳም በብርድ ልብስ ሸፍነው ሙቀቱን ያቆዩ። ሳምፑ ግን ያለ ፍሰት ለሰዓታት ሲቆይ በስፖንጁ ክፍል ያለው ውኃ ኦክስጅን አጥቶ ይበላሻል። ስለዚህ መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ እንዳይነሣ አስቀድመው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ የስፖንጁን ክፍል ውኃ በጎማ ስበው ለአትክልት ያጠጡ፣ ያደረ ውኃ ይተኩ፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑን ይሰኩ።