የጨው ውሃ ዓሣ ሲታመም፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ከገንደ ቆሬ፦ የአኳሪየም ጨው አልቆባቸዋል፤ ለታመመ ዓሣ ለይቶ ማቆያ ገንዳ የወጥ ቤት ጨው ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይሆንም። የአፍዴራም ሆነ የፓኬት፣ የምንበላው ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ባሕር ውስጥ ግን ማግኒዚየምም ካልሲየምም አለ። ጨው እስኪያገኙ ከዋናው ገንዳ ውሃ ይቅዱ።

ከከዚራ፦ አንዲት እናት ሁለት ክላውን ፊሾቻቸው ላይ ጨው የተበተነባቸው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አዩ። ለይተው ሊያወጡ ሲሰናዱ ነጠብጣቡ ጠፋ። «እግዜር ይመስገን፣ ድነዋል፤ ታዲያ ለሌላ ገንዳ ለምን ላውጣ?» ይላሉ።

እናቴ፣ አልዳኑም። ነጠብጣቡ የጠፋው ተህዋሲው ጠግቦ ስለወረደ ነው። ክሪፕቶካሪዮን የሚባለው ይህ ጥገኛ ከ3 እስከ 7 ቀን ያህል በቆዳና በስንጥብ ውስጥ ተቀብሮ ይመገባል። ከዚያ አሸዋና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ፣ ቅርፊት ሠርቶ ይባዛል፤ ከአንዱ ቅርፊት በመቶ የሚቆጠሩ ሊፈለፈሉ ይችላሉ። እነዚያ ዓሣ ፍለጋ ሲነሡ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይብሳል። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ብዙ ሰው ልክ እርስዎ ባሉበት ሰዓት ስለሚዘናጋ ነው።

ዛሬውኑ ሁለቱንም ያውጡ፤ ነጠብጣብ ያልታየበት ሌላ ዓሣ ካለም እሱንም። ማቆያው አሸዋም ድንጋይም አይኑረው፤ መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ይበቃዋል። የተለመደው መድኃኒት መዳብ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ የከለከልኩትም የኖራ ድንጋይ መዳብን መጥጦ ስለሚያስቀረው ነው። ዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ ፈጽሞ አይግባ፤ ሽሪምፑንና ኮራሉን ይፈጃል። ያ ገንዳ ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆይ። እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ግን አንዳንዱ ቅርፊት ሳይፈለፈል ከ2 ወር በላይ ይቆያል፤ የተፈለፈለው ተህዋሲ የሚሞተው የሚያርፍበት ዓሣ ሲያጣ ነው።

አዲስ ማቆያ አሞኒያን፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ የሚበላ ባክቴሪያ የለውም። ስለዚህ አሞኒያውን በየቀኑ ይለኩ፣ ውሃ ይለውጡ፤ ከበሽታው የተረፈ ዓሣ በዚህ ሲሞት ያሳዝናል። የመዳቡን መጠን እዚህ አልጽፍም። ምርቱ ይለያያል፣ በሚያድነውና በሚገድለው መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው። መለኪያ ሳይዙ አይጀምሩ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፤ ዓሣ የሚያውቅ ሐኪም እንዲጠቁሟችሁ ጠይቁ። ይህን እንዲሁ ለወጉ አልልም፤ አደራ።

ያው ከከዚራ፦ ማቆያው መብራት ያስፈልገዋል?

የክፍሉ ብርሃን ይበቃል።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ የዓሣው ጭራ በሌላ ዓሣ ስለተቦጨቀ አንድ ወጣት የሰው አንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቶ ውሃው ውስጥ ሊጨምር አስቧል።

ተው፣ ልጄ! ነካሹን ለይ ወይም የተነከሰውን አውጣ፣ ውሃውን ንጹሕ አድርግ፤ የተቀደደ ጭራ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይበቅላል። ጠርዙ ቀልቶ ወደ ሥጋው መብላት ከጀመረ ግን ሐኪም ይየው።

ከሳቢያን፦ በሙቀቱ ማቆያው በየቀኑ እየጎደለባቸው በጨው ውሃ ይሞሉታል፤ ዓሣው ደግሞ ላይ ላዩን ያለከልካል።

የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም፤ እየጨመሩ ያሉት ጨው ላይ ጨው ነው። የጎደለውን ክሎሪኑ በወጣለት ጨው አልባ ውሃ ይሙሉ፤ የበዛውን ጨውም እየለኩ ቀስ በቀስ ያውርዱ። ማለክለኩ ግን ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ፓምፑን ያጠናክሩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ ፓምፕም ይግዙ። አየሩ በርትቶም ካለከለከ ስንጥቡ ተጠቅቶ ሊሆን ይችላልና ለከዚራዋ እናት የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ።