በ2.4 በ3 ሜትር ክፍል ውስጥ እግር ለማሠራት ምን ይገዛ?

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ 2.4 በ3 ሜትር የሆነች አንዲት ትርፍ ክፍል እንዳለችዎ፣ ዳምቤልና ቤንች አስቀድመው እንደ ገዙ፣ አሁን ደግሞ ለእግርዎ አንድ ዕቃ ለመጨመር ሌግ ፕሬስን (ጋደም ብለው ጭነት በእግር የሚገፉበትን)፣ ስሚዝ ማሽንን (ክብደት የሚሸከመው ብረት በሁለት ቋሚ ሐዲዶች መካከል የሚወጣና የሚወርድበትን) እና ተቀምጠው እግር የሚዘረጉበትን ማሽን እያማረጡ መሆንዎን ገልጸዋል። እኔም ብዙ ሳልርቅዎ፣ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእርስዎ ትንሽ በምትጠብ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ያህል ስለ ሠራሁ፣ የጠቀመኝንም ገንዘብ ያባከንኩበትንም ሳልደብቅ ልጽፍልዎ ወድጃለሁ። ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፦ ሌግ ፕሬሱንም ስሚዙንም ይተዉአቸው፤ ቁጭ ብድጉን (ስኳቱን) ባለዎት ዳምቤል በአንድ እግር ይሥሩት፤ ገንዘብዎን ዳምቤል በቀላሉ በማይሠራው ሥራ ላይ፣ ማለትም ጉልበትን በመዘርጋትና በማጠፍ ላይ ያውሉት።

እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። አንድ የሚዘጋ ስፖርት ቤት ዕቃውን ሲሸጥ፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ሌግ ፕሬስ ዋጋው ረክሶልኝ ገዛሁ፤ ሻጩም «ግድግዳ ላይ ጠጋ ብታደርገው ቦታ አይዝም» አለኝ፣ እኔም ሜትር ሳላወጣ አመንኩት። ዕቃው ርዝመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ስለነበረ በደረጃችን መታጠፊያ አልዞር አለ። ጫኝና አውራጆቹ በየፎቁ አዲስ ዋጋ እየጠሩ፣ በመጨረሻ ብሎኑን ፈትተን በክፍል በክፍል አወጣነው። ከገጠምነው በኋላ በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት ብሎ፣ ወደ ክፍሉ የምገባው በጎኔ ነበር። በዚያ ላይ ያላሰብኩት ሌላ ወጪ መጣ። በ45 ዲግሪ የሚንሸራተት ጭነት ሙሉ ክብደቱን እግር ላይ አያሳርፍም፤ ሰበቃውን ትተን ብናሰላው 100 ኪሎ የተጫነበት ማሽን የሚጠይቀው ኃይል 71 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ሌግ ፕሬስ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ብዙ ዲስክ (የሚጫነውን ክብ ብረት) ይበላል፣ ዲስክ ደግሞ የገዛሁት በኪሎ ተመዝኖ ነው። ከስምንት ወር በኋላ በኪሳራ ሸጥኩት፤ የወረደውም እንደ ወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው።

ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የዕቃን ቦታ ሲለኩ ዕቃው ቆሞ የሚይዘውን ብቻ መለካት እንደማይበቃ ነው። ሰው ተቀምጦበት እግሩን ሲዘረጋ የሚይዘውና ዲስክ ለማስገባት ከጎን የሚያስፈልገው ቦታ አብሮ መለካት አለበት። በእርስዎ ክፍል እናስላው። የኦሎምፒክ ባር (ዲስክ የሚገባበት ረጅም ዘንግ) ለወንዶች 2.2 ሜትር ርዝመትና 20 ኪሎ ክብደት አለው፤ ክፍልዎ በአጭሩ ጎን 2.4 ሜትር ነው። ባሩን በወርዱ ቢያስቀምጡት በግራና በቀኝ የሚተርፍዎ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዲስኩን የሚያስገቡበት መንገድ የለም። በርዝመቱ በኩል ቢያዞሩት በእያንዳንዱ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚያገኙ ይቻላል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ ቤንችዎ ወዴት እንደሚሄድ ያስቡበት። አብዛኛው ስሚዝ ማሽንም ወርዱ ከ2 ሜትር ስለማይጎድል ችግሩ ያው ነው። አጭር፣ ለምሳሌ 1.5 ሜትር የሆነ ባር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ማስቀመጫውን አብረው ይለኩ፤ ለረጅሙ ባር ተብሎ የተሠራ ማቆሚያ ለአጭሩ ሊሰፋበት ይችላልና።

«ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ማቆሚያስ?» ብለው ያስቡ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። ኮንዶሚኒየሞቻችን ግን በአብዛኛው በኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) መካከል በብሎኬት የተሞሉ ናቸው፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፣ አንዳንዱ የውስጥ ግድግዳ እንዲያውም አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ሰሌዳ ነው። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ በድሪል በስቶ ፊሸር (የብሎን መያዣ ፕላስቲክ) አስገብቶ መደርደሪያ መስቀል ይቻል ይሆናል እንጂ፣ ሰው የሚተማመንበትን ክብደት ማንጠልጠል ድፍረት ነው። ኮለኑ ክፍልዎ ውስጥ ከገባና በመዶሻ ሲንኳኳ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ሌላ ነገር ነው፤ ቢሆንም የሚከራዩት ቤት ከሆነ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይብሱ።

የወለሉም ነገር መዘንጋት የለበትም። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለመደው የግንባታ ስሌት በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 200 ኪሎ ያህል ተንቀሳቃሽ ጭነት ታስቦለት ይሠራል። በዚህ ስሌት መጠነኛ ዕቃ አያስፈራም፣ ዲስክን ሁሉ አንድ ጥግ መከመር ግን ተገቢ አይደለም። ከክብደቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። ከበታቼ የሚኖሩ እናት አንድ እሑድ ለቡና ጠርተውኝ፣ ሁለተኛው እንደ ፈላ፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ በርበሬ ነው እንዴ የምትወቅጠው?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ፈልጌ ገዛሁ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም ብረት መሬት ማስነካት ተውኩ። ምንጣፉን ከማሽኑ አስቀድመው እንዲገዙ እመክርዎታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እግርን በአንድ በአንዱ ማሠራት ቦታንም ብረትንም ይቆጥባል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በትከሻው 60 ኪሎ ተሸክሞ በሁለት እግሩ ቁጭ ብድግ ሲል፣ ጠቅላላው 130 ኪሎ ለሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ እግር 65 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ይኸው ሰው የኋላ እግሩን ከፍ ባለ ነገር ላይ አሳርፎ፣ በሁለት እጁ 12 12 ኪሎ ዳምቤል ይዞ ቢወርድ፣ የኋላው እግር አንድ አምስተኛውን ይሸከማል ብንል እንኳ ለፊተኛው እግር 75 ኪሎ ገደማ ይተርፈዋል። ይህን የሚያደርጉት ቡልጋሪያ እየተባለ በሚጠራው አሠራር ነው፤ የሚይዘውም ቦታ አንድ ሰው ጸሎት ምንጣፍ ዘርግቶ ከሚቆምበት ብዙ አይበልጥም። ሰዎች ሞክረውት የሚተዉት ብዙ ጊዜ በቤንቹ ከፍታ ምክንያት ነው፤ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ የኋላ እግር ሲያሳርፉ ወገብ ይቆለመማል። እኔ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ በርጩማ እጠቀማለሁ። ባለ ሦስት እግሩ ይገለበጣልና ባለ አራት እግሩን፣ ያውም ግድግዳ ያስደገፉትን ይምረጡ። ሚዛን ለመጠበቅ ከተቸገሩ አንዱን ዳምቤል ትተው በነፃ እጅዎ የበሩን መቃን ይያዙ፤ ይህን ማድረግ ነውር የለውም።

ወገባቸውን ለሚያማቸው ሌላ ዘዴ አለ። በተመሳሳይ ከፍታ የተሠሩ ሁለት ጠንካራ የእንጨት ሣጥኖች ላይ በየእግር ቆመው፣ ክብደቱን በወፍራም ቀበቶ ከዳሌ ላይ አንጠልጥለው በእግሮች መካከል እያወረዱ ቁጭ ብድግ ማለት ይቻላል። ጭነቱ በትከሻና በአከርካሪ በኩል ስለማያልፍ ወገብን ያሳርፋል፤ ሣጥኖቹም ሥራው ሲያልቅ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ጥግ ይገባሉ።

እንግዲህ ቁጭ ብድግ የማይደርስባቸው ጡንቻዎች አሉ፣ ማሽን የሚያስፈልገውም ለእነዚህ ነው። ከፊት ጭን አራት ጡንቻዎች አንዱ ከጉልበት ተሻግሮ ዳሌን ስለሚይዝ፣ ዳሌና ጉልበት አብረው በሚታጠፉበት በቁጭ ብድግ በቂ ሥራ አያገኝም፤ ቁጭ ብሎ ጉልበትን መዘርጋት ግን በቀጥታ ይነካዋል። ከኋላ ጭን ደግሞ ከጉልበት በታችና በላይ ብቻ የተያያዘ፣ ዳሌ ላይ ጨርሶ የማይደርስ አንድ አጭር ክፍል አለ፤ ጎንበስ ብሎ ክብደት በማንሳት እርሱን ማሠራት አይቻልም፤ ጉልበት መታጠፍ አለበት። ለመታጠፉ ሥራ ተቀምጦ የሚሠራበትንና በደረት ተኝቶ የሚሠራበትን ማሽን ያነጻጸረ በ2021 የወጣ ጥናት፣ ተቀምጦ የሚሠራበት የኋላ ጭንን ይበልጥ እንዳሳደገ አሳይቷል፤ ዳሌ ታጥፎ ሳለ ጡንቻው ተለጥጦ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ምርጫ ካጋጠመዎ ሁለቱንም ሥራ ተቀምጠው የሚሠሩበትን ይውሰዱ።

ቤንች ስላለዎት ግን ሙሉ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። ብዙ ቤንቾች ከፊት በኩል የእግር መዘርጊያ ክንድ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። ያ ክንድ ለብቻው ከተገኘ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም፣ ሲያበቁ ነቅለው ከአልጋ ሥር ያስገቡታል። ጉድለቱን ግን ልንገርዎ፦ ዲስኩ በክንዱ ላይ በቀጥታ ስለሚንጠለጠል፣ እግር ሲንጠለጠል ጭነቱ ከምንም አይቆጠርም፣ እግር ሲዘረጋ ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ክብደቱን ቀነስ አድርገው፣ ከላይ ሳያነጥሩ በዝግታ ይሥሩት።

ያገለገለ ሙሉ ማሽን ካገኙ ደግሞ ሻጩ ፊት ተቀምጠው ይሞክሩት። ክንዱ የሚዞርበት ዘንግ ከጉልበትዎ መጋጠሚያ ትይዩ ካልሆነ፣ ጀርባ መደገፊያውም ወደፊትና ወደኋላ ካልተንቀሳቀሰ፣ ቁመትዎ አልገጠመውም ማለት ነውና ይተዉት። ክንዱን በእጅዎ ወደ ጎን ነቅንቀው ይዩት፤ ቢላላ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅምዎታል እንጂ አያስደንግጥዎ። የእኔ ሲንቋቋ ኩሽኔታውን አውጥቼ ሶማሌ ተራ ወደሚገኙ የመለዋወጫ ሱቆች ወስጄ ልኩን አገኘሁ፤ ግሪስ ቀብቼ ከገጠምኩት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የተቀደደ መቀመጫም ሶፋ የሚሠራ ሰው ያለብሰዋል። የማይጠገነው የታጠፈ ወይም ብየዳው የተሰነጠቀ ዋና ምሰሶ ነው። በርና መስኮት በሚሠሩ ብየዳ ቤቶች ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ ለበርና ለመስኮት ከሚጠቀሙበት ስስ ብረት እንዳይሆን ውፍረቱን በጽሑፍ ይስማሙ፤ እኔ ያሠራሁት በ50 በ50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው።

ገንዘቡ እስኪጠራቀም ድረስ የኋላ ጭንዎን በከንቱ አያስቀምጡት። ወለልዎ ሴራሚክ ከሆነ በጀርባ ተኝተው፣ ተረከዝዎን በታጠፈ ፎጣ ላይ አድርገው፣ መቀመጫዎን ከመሬት ሳያሳርፉ እግርዎን ወደ ራስዎ ይሳቡና ቀስ ብለው ይመልሱ፤ አሥር ጊዜ ከደገሙት ማሽን አያምርዎትም። ለባትዎ ደግሞ የሕንፃው ደረጃ ጠርዝ ይበቃል፣ ዳምቤል በአንድ እጅ ይዞ በአንድ እግር መነሳት ነው።

እንግዲህ የቤንችዎን የፊት ቀዳዳ ውስጣዊ ወርድ በሚሊ ሜትር፣ የክፍሉን በር ስፋትና በሩ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደሚከፈት ለክተው ቢጽፉልኝ፣ ክንዱ ሊገጥም ይችል እንደሆነና ማሽን ቢገዙም የት ጥግ እንደሚቀመጥ አብረን እናያለን።