ስለ አዮዲን ኪኒኑ ለጠየቅሽው፣ መጀመሪያ የእናትሽን አንገት እዪ

እህቴ ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ፔንሲልቬንያ ፖትስታውን አካባቢ ቤት ገዝታችሁ ገባችሁ፣ ስለ ሊመሪኩ የኑክሌር ጣቢያ የአደጋ ጊዜ መመሪያ በፖስታ መጣላችሁ፣ ሁለት ልጆች አሉሽ፣ እናትሽም ሰመር ላይ ሊመጡ ነው፣ አሁን "የአዮዲን ኪኒኑ የት ይገኛል፣ ሌላስ ምን እናዘጋጅ" ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ውሃ ግዢ ባትሪ ግዢ ነው የሚሉሽ፣ እሱን መመሪያው ራሱ ይነግርሻል። እኔ እዛው ሮየርስፎርድ ስንት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የጣቢያውን ሁለት ትልልቅ ማማዎች እያየሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ስለዚህ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. ኪኒኑ፣ ማለት በኑክሌር አደጋ ጊዜ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት እጢ ጨረር ካለበት አዮዲን የሚጠብቀው፣ በነፃ ነው። ከጣቢያው በ10 ማይል ውስጥ ለሚኖር ወይም ለሚሰራ ሰው የፔንሲልቬንያ ጤና መስሪያ ቤት በነፃ ያድላል፣ ለቤተሰብሽም አንቺው መቀበል ትችያለሽ። ካልተመቸሽ ያለ ማዘዣ ትገዢዋለሽ፣ ግን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ያፀደቀውን ብቻ፣ አዮሳት ወይም ታይሮሴፍ የሚባሉት አሉ። የዩክሬን ጦርነት የጀመረ ሰሞን 2022 ላይ ሰው ሁሉ ተደናግጦ ኦንላይን ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር፣ እንደዛ ሲሆን ነው ምኑም የማይታወቅ ነገር የሚሸጥልሽ፣ ስለዚህ ሰላም በሆነበት ሰዓት ነው መያዝ።

እኔ የሄድኩበት ቢሮ ግን ጉድ ነው። ሴትየዋ ስሜን አይታ እንደማይሰማ ሰው ቃል በቃል እየጎተተች ጮክ ብላ ታናግረኝ ጀመር፣ እናቴ አብራኝ እንዳለች ስነግራት "ቪዚተር ነች፣ ለሷ አይሰጥም" አለችኝ። እዛው ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የራሳቸውን ወረቀት አንስቼ አነበብኩላት፣ ቪዛ የሚል ቃል አሳዪኝ አልኳት፣ የለም። ፊቷን አጥቁራ ሰጠችኝ። በጣም ኩራት ተሰምቶኝ ነው የወጣሁት፣ ለባለቤቴም ደጋግሜ ነው ያወራሁለት። ግን አስቢው፣ ስለ ቪዛ ይሄን ሁሉ ስትጨቃጨቀኝ እናትሽ የታይሮይድ ችግር አለባት ወይ ብላ አንዴም አልጠየቀችኝም። ወደሱ እመጣለሁ።

2. መጠኑን ለየሰዉ ለብቻ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ በጭንቅ ሰዓት ሂሳብ አይሰራም። ለአዋቂ 130 ሚሊግራም፣ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ 65 (ልጁ ገዝፎ 70 ኪሎ ከሞላ ግን እንደ አዋቂ)፣ ከአንድ ወር እስከ 3 ዓመት 32፣ አራስ 16። መዋጥ ለማይችል ህፃን 130ውን ኪኒን ፈጭተሽ በአራት የሻይ ማንኪያ ውሃ ታሟሚያለሽ፣ አራት ማንኪያ ጁስ ትጨምሪበታለሽ፣ ከዛ ስምንት ማንኪያ ውስጥ ለአራት ዓመቱ ልጅሽ አራት ማንኪያ፣ ከሶስት ዓመት በታች ላለችው ትንሿ ሁለት ማንኪያ ነው። አንዱ መጠን የሚጠብቀው ለ24 ሰዓት ገደማ ነው። ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጨረሩ በጣም ከፍተኛ ካልሆነ በቀር አይመከርም፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው ጣጣው ይበዛል። ልብ በይ እንግዲህ፣ እናቶቻችን ስንት ዓመታቸው ነው?

3. እናትሽ። አሁን ዋናው ጋ መጣን።

እማዬ ከወሎ ነው የመጣችው፣ እንቅርት አላት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጠም አድርጋ ነው የምትውለው። ደጋ ላይ አፈሩም ውሃውም አዮዲን ስለሚያንሰው እኛ ሀገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከቀይ ባህር ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው ቀረ፣ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር በህግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. 2011 ነው። እና እማዬ ከሬዲዮም ከጤና ጣቢያም በህይወቷ ሙሉ የሰማችው አንድ ነገር ነው፣ "አዮዲን ለእንቅርት ጥሩ ነው"።

ኪኒኑን ኪችን ካቢኔት ውስጥ አስቀምጬ "እማ ይሄ የአዮዲን ኪኒን ነው፣ ለአደጋ ጊዜ ነው" ብዬ አሳየኋት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷ የሰማችው አዮዲን የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ስራ ስሄድ ጠዋት ጠዋት ከቁርሷ ጋር እየዋጠች ለካ እንቅርቷን እያከመች ነው! ለኔም አልነገረችኝ፣ ስትድን አይቼ እንድገረም ነው የፈለገችው።

ከሳምንታት በኋላ ልቧ ይደልቅ ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በኤሲ ቤት ውስጥ ያልባታል፣ ቀሚሷ ሰፋት። መጀመሪያ ደም ግፊት ነው አልን፣ ከዛ ናፍቆት ነው አልን፣ አክስቴ ስልክ ላይ ሆና ቡዳ ነው አለች። አንድ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ኢመርጀንሲ ወሰድናት፣ የልብ ምቷ ተዛብቷል፣ ታይሮይዷ ከሚገባው በላይ እየሰራ ነው አሉን። ሐኪሙ "በቅርቡ አዮዲን ያለበት ነገር ወስደዋል?" ሲል እኔ አይ ልል ስል እማዬ "አዎ ልጄ፣ ያንን የመንግስቱን ኪኒን" አለች በአማርኛ። እኔ ነኝ የተረጎምኩት፣ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

ያስረዳን እንዲህ ነው። ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንዱ የ130 ኪኒን ውስጥ ከ600 ቀን በላይ የሚበቃ አዮዲን አለ፣ በአንድ ጉርሻ። ለጤነኛ ታይሮይድ ችግር የለውም፣ እንደውም ሀሳቡ እሱ ነው፣ ታይሮይዱ በጥሩው አዮዲን ጢም ብሎ ሲሞላ ከአየርና ከምግብ የሚገባው ጨረር ያለበት አዮዲን ቦታ ያጣል። ለዓመታት አዮዲን ርቦት እብጠት እብጠት ያወጣ አሮጌ እንቅርት ግን ያን ሁሉ በአንዴ ሲያገኝ ሆርሞኑን ያለ ልክ ማምረት ሊጀምር ይችላል፣ ልብ ላይ ነው የሚወጣው። እንቅርቱ ላይ የልብ ህመም የተጨመረበት ሰውማ ጭራሽ መንካት የለበትም።

ቢሉን አልነግርሽም፣ ትደነግጫለሽ። የቪዚተር ኢንሹራንስ ገዝቼላት ነበር፣ እንቅርቱ ከመምጣቷ በፊት የነበረ በሽታ ነው ብለው አንዲት ዶላር አንከፍልም አሉ። ስልክ ላይ ስንቴ እንዳለቀስኩ። በኋላ አንዲት የኛ ልጅ ነርስ "ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነ የፋይናንስ ድጋፍ ፎርም አለው፣ በህግ ግዴታቸው ነው፣ ጠይቂ" አለችኝ። ጠየቅኩ፣ አመላለሱኝ፣ አልለቀቅኳቸውም፣ አብዛኛውን አስሰረዝኩት። ሳይጠየቅ የሚነግርሽ የለም። እማዬ አሁን ደህና ናት፣ መድኃኒት ላይ ናት።

ስንት ቁጥር ላይ ነበርኩ... 4 መሰለኝ። ሳይረን ወይም የስልክ አለርት ማለት ኪኒን ዋጡ ማለት አይደለም፣ ሽሹ ማለትም አይደለም፣ ሬዲዮ ቲቪ ክፈቱና ስሙ ማለት ነው። ሳይረኑን ለሙከራም ያስጮሁታል፣ ቤት ለሚውል ሰው ሁሉ ቀድመሽ ንገሪ። ኪኒኑ የሚዋጠው የስቴቱ ጤና ባለስልጣናት ሲያዙ ነው፣ ምክንያቱም ጨረሩ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም በደረሰ በሶስት አራት ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰራው። ከአዮዲን ሌላ ላለው ጨረር ደግሞ ምንም አያደርግም፣ ሴሲየም የሚባለውን አያግደውም። ኮመንት ላይ "የቁስሉን አዮዲን ጠጪ" ያለው ልጅ እባክህ ሰው አትግደል፣ መርዝ ነው። "ጨው በርታ አድርጊ" ላልሽውም፣ የአንድ ኪኒን ያህል አዮዲን ለማግኘት እዚህ ሀገር የሚሸጠውን ጨው ከሁለት ኪሎ በላይ መብላት አለብሽ።

ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም ታዲያ። እዚሁ ፔንሲልቬንያ ስሪ ማይል አይላንድ ላይ ማርች 28, 1979 ሪአክተሩ በከፊል ሲቀልጥ የተዘጋጀ ኪኒን አልነበረም፣ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ጠርሙስ ፈሳሽ አዮዲን በጥድፊያ ተመርቶ መጣ፣ ሳይታደል ቀረ። ገዥው ነፍሰጡሮችና ትንንሽ ልጆች ከ5 ማይል ውስጥ ይውጡ ሲል ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነቅሎ ወጣ። አንቺ ኪኒኑን አሁኑኑ ያዢ፣ ግን ቆልፈሽበት።

ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ ከሆነ ወደዛ እንዳትሮጪ። አውቃለሁ ከባድ ነው፣ እናት ነሽ፣ ግን ከ10 ማይል ውጪ ወደተመደበላቸው ሌላ ትምህርት ቤት በባስ ይወስዷቸዋል፣ የምትረከቢያቸው እዛ ነው። የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ፣ ዛሬውኑ ፈልገሽ አድራሻውን ስልክሽ ላይ አስገቢ። መኪናሽም ከግማሽ ታንክ በታች አይውረድ።

ቤት ቆዩ ከተባለ መስኮት፣ ኤሲ፣ ፋን መዝጋት፣ መሀል ክፍል መግባት። ከውጪ የገባ ሰው ልብሱን በር ላይ አውልቆ ፌስታል ውስጥ ያስር፣ ገላውንም በሳሙና ይታጠብ። ፀጉር በሻምፑ ብቻ፣ ኮንዲሽነር አይቻልም፣ ብናኙን ፀጉር ላይ ያጣብቀዋል ይላሉ፣ ኮንዲሽነር እንደዛ ከሆነ የኛን ቅቤ አስቢው።

ምግብ ላይ እኛን የሚያክል የለም! ፈረንጁ ውድ የአደጋ ጊዜ ምግብ ይገዛል፣ እኔ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በጣሳ ሞልቼ አስቀምጫለሁ፣ በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ያዢ፣ ቢያንስ የሶስት ቀን። ጥንቃቄው ወተት ላይ ነው፣ ብዙዎቻችን ለእርጎና ለአይብ ብለን ከገበሬ ትኩስ ወተት እንገዛለን አይደል? ቼርኖቤል 1986 ላይ የብዙ ልጆችን ታይሮይድ ያበላሸው ወተት ነው፣ ላሟ ጨረር ያረፈበትን ሳር ትበላለች፣ አዮዲኑ በወተቱ ይወጣል። ይሄ አዮዲን በ8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል፣ ሶስት ወር ገደማ ላይ ያልቃል ማለት ይቻላል፣ እስከዛ የዱቄት ወተት ይኑርሽ። የጓሮ ጎመንም ይበላል እስኪባል ይቆይ።

አሁን ለእናትሽ፣ ቪዛው እስኪወጣ እዛው አዲስ አበባ እያሉ የአንገት አልትራሳውንድና የታይሮይድ የደም ምርመራ ያስደርጉ፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ነው። ውጤቱን በእንግሊዝኛ አጽፈው ይዘው ይምጡ። ሐኪም አይቶ አይውሰዱ ካለ ስማቸውን ከኪኒኑ ሊስት ላይ ሰርዢና ውጡ ሲባል መጀመሪያ መኪና ውስጥ የሚገቡት እሳቸው ይሁኑ። የልጆቹን የማንኪያ ሂሳብ ካላመንሽው እድሜና ኪሎ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ የኔን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።